ከጤፍ ፍሬ መቶ እጅ ያነሰ በሬ

በ2001 በጃፓኑ ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ አንድ በሬ ተሠራ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀንድ አለው፤ ጅራት አለው፤ አራት እግር አለው፤ የሰውነቱ ቅርጽ አንድም ሳይቀር ይለያል። የተሠራው ከሙጫ ነው። ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር፣ ቁመቱ 7 ማይክሮሜትር ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እንዲሁ ሲነበቡ ለዓይን ምንም አያሳዩም፤ ስለዚህ ወደ ጓዳችን እናምጣቸው። አንዲት የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች። ያንን የመሰሉ በሬዎችን አፍንጫና ጅራት እያነካካን ብናሰልፍ፣ በአንዲት ጤፍ ርዝመት ላይ መቶ በሬ ይቆማል። አንዱ በሬ በደማችን ውስጥ ከሚዘዋወሩት ቀይ ሕዋሳት አንዱን ያክላል። ያቺኑ ጤፍ ሚሊዮን ቦታ ከፍለን አንዷን ክፋይ ብንወስድ ደግሞ ናኖሜትር ላይ ደረስን፤ ይህ ምዕራፍ የሚኖረው እዚያ ሠፈር ነው።

በሬውን የሠሩት ሳቶሺ ካዋታና ባልደረቦቹ ሥራቸውን በ«ኔቸር» መጽሔት ሲያሳውቁ፣ ዓለምን ያስገረመው ትንሽነቱ ብቻ አልነበረም። ከበሬው አካል ተለይተው የሚታዩት ጥቃቅን ነገሮች እስከ 120 ናኖሜትር ይወርዳሉ። እነርሱን የቀረጸው የሌዘር ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግን 780 ናኖሜትር ነው። መሣሪያው ከሥራው ስድስት እጅ ተኩል ይወፍራል ማለት ነው። በስፌት ወስፌ የቀሚስ ጥልፍ እንደ መጥለፍ ያለ ነገር ነው። ወስፌው አልተሳለም፤ አልቀጠነም። ጥልፉ ግን ቀጥኖ ወጣ።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱን ለመረዳት በመጀመሪያ ለምን መሆን እንደሌለበት ማወቅ ያስፈልጋል።

፨

የና በተባለችው የጀርመን ከተማ ካርል ዛይስ የሚባል የማይክሮስኮፕ ሠሪ ነበር። በዚያ ዘመን ሌንስ የሚሠራው በልምድ ነው፤ ባለሙያው ይሞርዳል፣ ይሞክራል፣ ካልሆነለት ደግሞ ይሞርዳል። ዛይስ ሥራው በዕድል ሳይሆን በስሌት እንዲመራ ፈለገና ኧርነስት አቤ የተባለውን የፊዚክስ ሊቅ አብሮት እንዲሠራ ጋበዘው። አቤ በ1873 ያሳተመው ውጤት ለሌንስ ሠሪ የምሥራችም መርዶም ነበር። የምሥራቹ፣ ጥሩ ሌንስ በስሌት ሊሠራ ይችላል። መርዶው፣ ሌንስ የቱንም ያህል ቢጠራ ከማያልፈው ድንበር ጋር ይጋጫል።

ድንበሩ የሚመጣው ብርሃን ሞገድ በመሆኑ ነው። ኩሬ ውስጥ ጠጠር ስንጥል የሚነሣውን ሞገድ ልብ ብለን ካየነው፣ በሁለት ድንጋይ መካከል በጠባቡ ሲያልፍ ወዲያው ይዘረጋል እንጂ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም። ብርሃንም እንዲሁ ነው። በሌንስ ሰብስበን ወደ አንድ ነጥብ ብንልከው፣ የሚያርፈው ነጥብ ሆኖ ሳይሆን መሐሉ የደመቀ፣ ዳሩ የደበዘዘ እንጎቻ ሆኖ ነው። የእንጎቻው ስፋት ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ እምብዛም አያንስም። ለአረንጓዴ ብርሃን፣ እጅግ ምርጥ በሆነ ሌንስ፣ 200 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ይህች የአቤ ቀመር ዛሬ በየና ለመታሰቢያው በቆመለት ድንጋይ ላይ ተቀርጻ ትታያለች።

ልብ ማለት የሚገባን ግን ቀመሯ የምትናገረው ስለ ብርሃኑ እንጎቻ መሆኑን ነው። ብርሃኑ ካረፈ በኋላ በቁሱ ላይ ስለሚቀረው ጠባሳ አንድም ቃል አትናገርም። ብርሃኑና ጠባሳው አንድ ስፋት ሊኖራቸው ይገባል ብሎ ማንም ሕግ አላወጣም። ለመቶ ዓመት ያህል እንደ አንድ ነገር ሲታዩ ኖረዋል፤ የኦሳካው በሬ የተወለደው በሁለቱ መካከል ካለችው ክፍተት ነው።

፨

የመጀመሪያው ሌዘር ግን ስለ ረቂቅ ሥራ የሚያስብ መሣሪያ አልነበረም። ቴዎዶር ማይማን ግንቦት ወር 1960 በካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ፣ ከሰው ሠራሽ ሩቢ ድንጋይ ደማቅ ቀይ ብርሃን ካወጣ በኋላ ተመራማሪዎች ሌዘር በእጃቸው እንደገባ ያደረጉት ነገር ምላጭ መብሳት ነው። የመሣሪያቸውን ጉልበት በጂሌት ይለኩት ነበር፦ አንድ ምላጭ የበሳ አንድ ጂሌት፣ ሦስት ደርቦ የበሳ ሦስት ጂሌት።

ቀዳዳውን በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ግን ችግሩን ይረዳል። አፉ የተስተካከለ አይደለም። ዙሪያው ቀልጦ ተመልሶ የረጋ ብረት ነው፤ እንደ ሻማ ዕንባ ተንጠባጥቦ ቀርቷል። ከዚያ አልፎ ያለው ብረት ደግሞ ባይቀልጥም ግሏል፣ ቀለሙ ተለውጧል፣ አንዳንዴም ተሰነጣጥቋል። ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ትንሽ ቢሆንም ሙቀቱ ጎረቤት አይመርጥም። የአቤ ድንበር ገና ሳይደረስ፣ ከዚያ በብዙ የሚሰፋው የሙቀት ድንበር መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል።

ልጅ ሆነን የበራ ጧፍ ላይ ጣታችንን ሽው አድርገን ማሳለፍ ደስ ይለን ነበር። ትልልቆቹ ይቆጡናል፤ ጣታችን ግን አይቃጠልም። ነበልባሉ ያው ነው፣ ሙቀቱም ያው ነው፤ የተለየው የቆይታው ጊዜ ነው። ሙቀት ከቆዳ ወደ ሥጋ ለመዝለቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ያንን ጊዜ ከልክለነዋል።

ምሳሌው ግማሽ መንገድ ያደርሰናል። በሌዘር ሥራ ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ መትረፍ የለበትም፤ ተንኖ መሄድ አለበት። መትረፍ ያለበት ጎረቤቱ ነው። የብርሃንን ኃይል መጀመሪያ የሚቀበሉት በብረቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው። እነርሱም በተራቸው ለአተሞቹ ያስረክባሉ፤ ርክክቡ ጥቂት ፒኮ ሰከንዶች ይፈጃል፤ ፒኮ ሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ሙቀት የሚባለው ነገር ወደ ዳር የሚሰደደው ከዚህ ርክክብ በኋላ ነው። እንግዲህ የብርሃኑ ምት ርክክቡ ሳይጀመር ገብቶ ቢያልቅ፣ ኃይሉ ሁሉ በወደቀበት ይቀራል፤ ቁሱም ሙቀቱን ተሸክሞ በንኖ ይሄዳል። ከሩብ ሜትር ርቆ ሳይሆን ከአንድ ማይክሮሜትር ርቆ ያለው ጎረቤት ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ቀዳዳው ተሠርቶ ያልቃል።

ለዚህ የሚበቃው ምት የሚለካው በፌምቶ ሰከንድ ነው። ፌምቶ ሰከንድን ለማሰብ እኔን የረዳኝ አንድ ንጽጽር አለ። አንድ ፌምቶ ሰከንድ ለአንድ ሰከንድ ያለው ድርሻ፣ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ያለው ድርሻ ነው። ድንቅነሽ በሃዳር ከኖረችበት ዘመን እስከ ዛሬ ያለውን ጊዜ አሥር ጊዜ ደጋግመን እንቁጠር፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት የዓይን ጥቅሻ። በሰከንድ ምድርን ሰባት ጊዜ ተኩል የመዞር ፍጥነት ያለው ብርሃን እንኳ በመቶ ፌምቶ ሰከንድ የሚጓዘው 30 ማይክሮሜትር ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ አይሞላም።

፨

እንዲህ ያለ አጭር ምት ማመንጨት በ1980ዎቹ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ጉልበት መስጠት ነው። አጭር ምት ኃይሉ በአንዲት ቅጽበት ስለሚታጨቅ፣ ማጉያ መሣሪያ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያፈርሰው ማጉያውን ራሱን ነው።

መፍትሔው በ1985 ከአሜሪካው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ መጣ። ዶና ስትሪክላንድ የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ መምህሯ ፈረንሳዊው ዤራር ሙሩ ነው። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፦ ምቱን አስቀድመህ ዘርጋው፣ ተዘርግቶ ሳለ አጉላው፣ ከዚያ መልሰህ ሰብስበው። አጭር ምት በውስጡ ብዙ ቀለማት አሉት። ስትሪክላንድ ምቱን 1.4 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የመስታወት ክር ውስጥ ስታሳልፈው፣ ወደ ቀይ የሚያዘነብሉት ቀለማት ቀድመው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብሉት ዘግይተው ደረሱ። ያ አንድ ላይ የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ ቦይ የማያፈርስ ዝግ ያለ ፈሳሽ ሆነ። በዚያ መልኩ ተጉልቶ ካበቃ በኋላ፣ በረቂቅ መስመሮች የተሰነተሩ ሁለት ገበታዎች ቀዳሚውን ቀለም በረጅሙ መንገድ አዙረው፣ የዘገየውን በአቋራጭ ልከው፣ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት ደጅ ላይ አገናኟቸው። ስለዚህ ሥራ የወጣው ጽሑፍ የስትሪክላንድ የመጀመሪያ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ነበር። በ2018 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸውም እርሱ ነው።

ከእርሷ በፊት የፊዚክስ ኖቤል የወሰዱ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ በ1903 ማሪ ኩሪ፣ በ1963 ማሪያ ጎፐርት ማየር። ይህን የማነሣው ለቁጥሩ አይደለም። የበሬያችንን ምስጢር ሌላኛውን ግማሽ የያዘችው ይህችው ማሪያ ጎፐርት ማየር ስለሆነች ነው።

ማሪያ በጀርመኗ ጎቲንገን ከተማ የዶክትሬት ጥናቷን ስትሠራ ያነሣችው ጥያቄ በጊዜው ለማንም የሚጠቅም አይመስልም ነበር። አንድ አተም ብርሃን የሚውጠው ለአንዱ የኃይል ደረጃ ልክ የሚሆን ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ሲያገኝ ነው። ለመሆኑ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የማይበቁ ሁለት ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት ቢደርሱስ? ተደምረው ሊዋጡ ይችላሉን? ስሌቷ «አዎ» አለ፤ በ1931ም ታተመ። ነገር ግን ሁለት ፎቶኖች በአንድ አተም ላይ በአንድ ቅጽበት እንዲገናኙ እጅግ የበዛ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ያንን የሚያወጣ መብራት በዓለም ላይ አልነበረም። ስሌቷ 30 ዓመት ቆሞ ጠበቀ። ሌዘር በተፈጠረ በዓመቱ፣ በ1961፣ በቤል ላብራቶሪ በሙከራ ታየ። እርሷ በዚያ መሐል ወደ አሜሪካ ተሻግራ፣ ባሏ በሚያስተምርባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ዓመታት ያለ ደመወዝ ስትሠራ ኖራለች። ኖቤሉንም ያገኘችው በሌላ ሥራዋ፣ በአተም አስኳል ጥናት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚቆረቁረኝ ነገር አለ፤ ስንቱ እንዲህ ያለ ስሌት ደመወዝ ባላገኘ ሰው መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ይሆን?

፨

አሁን ወደ ወስፌውና ወደ ጥልፉ እንመለስ።

ደጋ አገር ጠዋት የተነሣ ሰው፣ ጉም ሸለቆውን ሞልቶ የተራራው ጫፍ ብቻ ከላይ ብቅ ብሎ ሲታይ ያውቀዋል። ተራራው አልጠበበም፤ እግሩ ያው የትናንቱ ሰፊ እግር ነው። ከጉሙ በላይ የሚታየው ግን ጥቂት ነው። ጉሙ ከፍ ባለ ቁጥር የሚታየው ጫፍ እየጠበበ ይሄዳል።

የብርሃኑ እንጎቻ ያ ተራራ ነው፤ መሐሉ ከፍታ፣ ዳሩ ዝቅታ ነው። ብርሃን ሲያገኝ የሚጠነክረው ሙጫ ደግሞ የራሱ ደፍ አለው። ከዚያ ደፍ በታች የሆነ ብርሃን ምንም አያደርገውም፤ ደፉን ሲሻገር ብቻ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል። የደፉ አንዱ ምክንያት በሙጫው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው፤ ብርሃን የሚያስነሣቸውን የማጠንከሪያ ሞለኪውሎች ጥቂት ሲሆኑ በልቶ ይጨርሳቸዋል፤ ሲበዙበት ግን ይሸነፋል። እንግዲህ የሌዘሩን ጉልበት በጥንቃቄ መጥነን የተራራው ጫፍ ብቻ ከደፉ እንዲያልፍ ብናደርግ፣ እንጎቻው ሰፊ ሆኖ ሳለ ጠባሳው ጠባብ ይሆናል። የአቤ ሕግ አልተጣሰም። ብርሃኑ ሕጉ እንዳዘዘው ሰፍቶ አርፏል፤ ቁሱ ነው ከፊሉን አልሰማም ያለው።

የማሪያ ስሌት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ፎቶን አንድ ላይ የመዋጥ ዕድል ከብርሃኑ ድምቀት ጋር እኩል አይወጣም፤ በድምቀቱ ካሬ ነው የሚወጣው። ድምቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ዕድሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ድምቀቱ አሥረኛ ሲሆን ዕድሉ መቶኛ ነው። ይህ ተራራውን ያሾለዋል። ሌላም ጥቅም አለው። ተራ ብርሃን የሚያጠነክረው ሙጫ ብርሃኑ በሄደበት ሁሉ ይጠነክራል፤ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች። የካዋታ 780 ናኖሜትር ብርሃን ግን ለሙጫው ነጠላ ፎቶኑ ደካማ ነው፤ እንደ ንጹህ ውኃ ያልፈዋል። ሌንሱ በሰበሰበው ቦታ ላይ ብቻ፣ ምቱ በታጨቀባት ቅጽበት ብቻ፣ ፎቶኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይዋጣሉ። ስለዚህ በጠብታ ሙጫ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ላይኛውን ሳይነኩ፣ አንዲት ነጥብ ማጠንከር ይቻላል። ከዚያ ቀጣዩን ነጥብ፤ ከዚያም ቀጣዩን።

የኦሳካው በሬ በዚህ መንገድ ነጥብ በነጥብ ሲሞላ 180 ደቂቃ ፈጀ። በኋላ ብልሃት ተገኘለት፤ ሌዘሩ የበሬውን ቆዳ ብቻ እየዞረ እንዲቀርጽ ተደረገ፣ ሆዱን ደግሞ ተራ የሜርኩሪ መብራት አጠነከረው። ጊዜው ወደ 13 ደቂቃ ወረደ። ያልጠነከረው ሙጫ ሲታጠብ በሬው ብቻውን ቆሞ ተገኘ።

በዚያው ጽሑፍ ከበሬው ጎን የተገለጸች ሌላ ነገር አለች፤ ብዙ ሰው አያወራላትም። ጫፏ ላይ እንክብል ያላት ጥቅልል ስፕሪንግ ናት። ተመራማሪዎቹ እንክብሏን በሌላ የሌዘር ጨረር ይዘው ይስቧታል፣ ይለቋታል፣ እርሷም ወዲህና ወዲያ ትወዛወዛለች። ለእኔ ከበሬው ይልቅ ልብ የምትነካው ይህች ናት። በሬው ሐውልት ነው፤ ስፕሪንጓ ግን ትሠራለች። በብርሃን ተሠርታ፣ በብርሃን ተይዛ፣ ከሕዋስ በማይበልጥ ዓለም ውስጥ የመለጠጥን ሕግ ስትታዘዝ ታየች።

ጉሙን የበለጠ ከፍ ማድረግ የሚፈልጉም አልጠፉም። ስቴፋን ሄል በማይክሮስኮፕ ላይ ያሳየው ብልሃት ነበር፦ አንዱ ጨረር ያበራል፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት መሰል ሁለተኛ ጨረር ዳሩን ያጠፋል፣ የሚተርፈው መሐሉ ብቻ ነው። ለዚህ በ2014 ከሁለት አሜሪካውያን ጋር ኖቤል ተቀበለ። ሐሳቡ ወደ ሙጫ ሥራ ተሻግሮ በ2009 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ800 ናኖሜትር ብርሃን 40 ናኖሜትር የሚሳሳ ነገር አጠንክረዋል፤ የሞገዱ ሃያኛ እጅ።

፨

በፌምቶ ሰከንድ ሌዘር የሚጠቀመው ሙጫ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሙሩ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ በኋላ፣ በቤተ ሙከራው አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨረር መታው። ወደ ሐኪም ተወሰደ። የመረመረው ሐኪም ያየው ቁስል ግን ሌዘር ዓይን ላይ ሲያርፍ የሚጠበቀው ዓይነት አልነበረም፤ ትንሽ፣ ክብና ዙሪያው ንጹህ ነው። ሐኪሙ «ይህን ያደረገው ምን ዓይነት ሌዘር ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ከጥያቄውም የዓይን ሐኪሞችና የሌዘር ተመራማሪዎች ትብብር ተወለደ።

ዛሬ መነጽር ለመተው የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ሲሠራ፣ የዓይንን ፊት የሚሸፍነው ግልጽ ሽፋን ላይኛው ገጽ ሳይነካ ከውስጡ ይቆረጣል። ሽፋኑ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚወፍረው። ጨረሩ ግልጹን አካል ሳይጎዳ ያልፍና በታለመለት ጥልቀት ላይ ብቻ ጥቃቅን አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው እንደ ስስ ልጥ ያለ ክዳን ያላቅቃሉ። የበሬውን ቆዳ የቀረጸው ሕግ ነው የሰው ዓይን ውስጥ የሚሠራው።

የብረትና የሌሎች ጠጣር ቁሶችን ገጽ በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ወዳልተጠበቀ አቅጣጫ ሄዷል። ሚልተን ቢርንባም በ1965 በሩቢ ሌዘር የተመታ የጀርማንየም ገጽ ላይ ትይዩ መስመሮች ተመለከተ። ማንም አላሰመራቸውም። ገበሬም ሞፈርም ሳይገባበት ታርሶ የተገኘ ማሳ ይመስላል። በኋላ የተገኘው ምክንያት ይህ ነው፦ የሚመጣው ብርሃን በገጹ ላይ ካለች ጭረት ተፈናጥሮ በገጹ ላይ የሚሄድ ሞገድ ያስነሣል፤ ሁለቱ ሞገዶች ሲደራረቡ አንዱ ቦታ ይደምቃል፣ ቀጣዩ ይጨልማል። የደመቀው መስመር ይቦረቦራል። ሁለተኛው ምት ሲመጣ የተቦረቦረውን ትልም አግኝቶ ያጠልቀዋል። የትልሙን አቅጣጫ የሚወስነው የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው፤ እርሱን ማዞር ማሳውን አዙሮ ማረስ ነው። በፌምቶ ሰከንድ ምት ሲሆን ትልሞቹ ከሞገዱ ርዝመት በብዙ የሚያንሱበት ጊዜ አለ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በሃርቫርድ የኤሪክ ማዙር ቡድን ሰልፈር ባለው ጋዝ ውስጥ የተቀመጠ ሲሊከንን በእነዚህ ምቶች ደጋግሞ ሲመታው፣ የሚያብለጨልጨው ግራጫ ገጽ ጥቁር ሆነ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የሾለ ጫፍ ደን ነው። ብርሃን በሾሎቹ መሐል ገብቶ እየተጋጨ መውጫ ያጣል። ተራ ሲሊከን የሚያሳልፈውን ከቀይ በታች ያለ ብርሃን እንኳ ይውጣል። በሮቸስተር ቹንሌይ ጉዎና ባልደረባው በ2008 በተመሳሳይ መንገድ አሉሚንየምን ወርቃማ አስመስለዋል፤ ሌሎች ብረቶችንም ቀለም ሳይቀቡ ቀለም ሰጥተዋቸዋል። ቀለሙ የሚመጣው ከገጹ ቅርጽ ስለሆነ እንደ ቅብ አይላጥም።

ብርሃንን ከናኖ ቅንጣት ጋር ማገናኘት በራሱ ግን የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የሊኩርጉስ ዋንጫ የሚባል የሮማውያን ብርጭቆ አለ። የተሠራው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እኛ ዘንድ ንጉሥ ኢዛና በአክሱም የወርቅ ገንዘብ ባስቀረጸበት ዘመን ነው። ከፊት ሲበራበት አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሲበራ ቀይ ይሆናል። ምክንያቱ በመስታወቱ ውስጥ የተበተነ፣ ከመቶ ናኖሜትር የማይበልጥ የወርቅና የብር ቅንጣት ነው። በቅንጣቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው ይወዛወዛሉ፤ ብርሃኑንም ከራሱ ሞገድ በሚያንስ ቦታ ዙሪያቸው ላይ ያጭቁታል። ሮማዊው ብርጭቆ ሠሪ ይህን አያውቅም፤ ዓይኑ ግን ውጤቱን አውቋል። ዛሬ ይኸው መንገድ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። በ2024 መጀመሪያ ሲጌት ኩባንያ ባስተዋወቃቸው 30 ቴራባይትና ከዚያ በላይ በሚይዙ ዲስኮች ውስጥ፣ መጻፊያው ጫፍ ላይ የተተከለች ደቃቅ የብርሃን አንቴና የሌዘርን ኃይል በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ላይ ታሳርፋለች። ያቺ ቦታ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ትግላለች፣ መረጃዋ ይጻፍባታል፣ በናኖ ሰከንድ ትቀዘቅዛለች።

፨

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ አንድ ድካም ይጋራሉ። ነጥብ በነጥብ ይሠራሉ። አንድ በሬ 13 ደቂቃ ከፈጀ፣ በስልካችን ቺፕ ላይ የተደረደሩት ቢሊዮኖች ትራንዚስተሮች ዕድሜ ይጨርሳሉ። ቺፕ መታተም አለበት፤ ገጹ በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ ጋዜጣ እንደሚታተም። ለዚያ ደግሞ ደፉን ማስላት ብቻ አይበቃም፤ ሞገዱ ራሱ ማጠር አለበት።

በሆላንድ ፌልድሆፈን ከተማ የሚገኘው ኤኤስኤምኤል የሚሠራው ማሽን 13.5 ናኖሜትር ብርሃን ይጠቀማል። እንዲህ ያለ ብርሃን የሚያወጣ አምፖል የለም። ስለዚህ ማሽኑ የቀለጠ ቲን ጠብታ በባዶ ጓዳ ውስጥ ይረጫል፤ ጠብታው ከፀጉር ይቀጥናል፤ በሰከንድ 50,000 ጠብታ ያልፋል። እያንዳንዱን ጠብታ ሌዘር ሁለት ጊዜ ይመታዋል። የመጀመሪያው ቀለል ያለ ምት እንደ እንጀራ ዘርግቶ ያሰፋዋል። ሁለተኛው ኃይለኛ ምት ያንን እንጀራ ወደ 220,000 ዲግሪ ሴልሺየስ አግሎ ፕላዝማ ያደርገዋል፤ ከፀሐይ ገጽ 40 እጅ የሚጠጋ ግለት ነው። የሚፈለገው ብርሃን ከዚያ ይወጣል። በሰከንድ 50,000 ጊዜ የሚወድቅ ጠብታን በበረራ ላይ እያለ ሁለት ጊዜ አለመሳት፣ ቀን ከሌሊት፣ ለወራት፤ እኔ በሰው ልጅ ማሽኖች ውስጥ ይህን የሚያህል ትዕግሥት አላውቅም።

ብርሃኑ ከተገኘ በኋላም ችግሩ አያልቅም። 13.5 ናኖሜትር ብርሃንን አየር ይውጠዋል፣ መስታወትም ይውጠዋል። ሌንስ የሚባል ነገር ከእርሱ ጋር አይሠራም። የቀረው መንገድ ማንጸባረቅ ነው፦ ሞሊብዲነምና ሲሊከን በጥቂት ናኖሜትር ውፍረት እየተፈራረቁ የተደረቡበት መስተዋት። ያም ቢሆን እያንዳንዱ መስተዋት ከተቀበለው 30 በመቶ ያህሉን ያስቀረዋል፤ አሥር መስተዋት ላይ የተንጸባረቀ ብርሃን መድረሻው ላይ ከ100 ወደ 3 ገደማ ይወርዳል። ገጹ ላይ ትንሽ ጉብታ ካለ ደግሞ የቀረውም ይበተናል።

መስተዋቱን የሚሠራው ዛይስ ነው፤ ያ አቤን ለሥራ የጋበዘው የየናው ሌንስ ሠሪ የመሠረተው ድርጅት። ባለሙያዎቹ ስለ ገጹ ልስላሴ ሲናገሩ አንድ ንጽጽር ይሰጣሉ። አንዱ መስተዋት ተለጥጦ ጀርመንን ያህል ቢሰፋ፣ ከዳር እስከ ዳር በአገሩ ሁሉ ላይ የሚገኘው ትልቁ ጉብታ የጤፍ ፍሬ አሥረኛ ያህል ይሆናል።